«ከዚህ» ማለት ከየት ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ይህ ምሳሌ በጃቫ የድር ፕሮግራም ለሚጽፍ ተማሪ ተለይቶ የተነገረ ይመስለናል። ፓዝ የምንለው የፋይል አድራሻ ሥሩ የት እንደ ሆነ ካልታወቀ ወዴትም አያደርስምና። መንገደኛ «ከዚህ ሦስተኛው ቤት ነው» ቢባል፣ ተናጋሪው የቆመበትን ካላወቀ እንዴት ይደርሳል?

ባለፈው ዓመት፣ ተማሪዎች የጥናት ጽሑፋቸውን የሚያስገቡበትን ፕሮግራም ተመርቀው ከሄዱ ጓደኞች ተረከብን። በጸሐፊዎቹ ላፕቶፕ ያለ እንከን ሲሠራ የኖረው ፕሮግራም፣ ሰርቨር ላይ በተጫነ ጊዜ «ፋይሉ የለም» አለ። ፋይሉ ግን ነበረ። ፕሮግራሙ የታዘዘው «ዳታ ከሚባለው ፎልደር ፈልግ» ተብሎ ብቻ ነው፤ የትኛው ዳታ? ጃቫ እንዲህ ያለውን ጐደሎ አድራሻ የሚፈታው ፕሮግራሙ ከተቀመጠበት ሳይሆን፣ ራሱ ጃቫ ሥራ ሲጀምር ከቆመበት ፎልደር ተነሥቶ ነው። ይህ ቦታ በላፕቶፑ ላይ የፕሮጀክቱ ፎልደር ነበር። በቶምካት ሰርቨር ላይ ግን ሰርቨሩን ያስነሣው ሰው ወይም አገልግሎት የቆመበት ቦታ ነው፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዱ «ጌት ሪል ፓዝ» የተባለውን ትእዛዝ ጠርቶ ተገላገልሁ ይላል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ዋር ከሚባለው ጥቅል ሳይፈታ የሚሠራ ከሆነ፣ በዲስክ ላይ የራሱ ፎልደር ስለሌለው የሚመለሰው መልስ ባዶ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ተማሪ የላከው ጽሑፍ በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ፣ አዲስ ጥቅል በተጫነ ጊዜ ቶምካት የቀድሞውን ፎልደር አጥፍቶ ሌላ ይዘረጋል፤ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። የወራት ድካሙን ያጣ ጓደኛ ደግሞ ስለ ፓዝ ምርምር አይጠይቀንም። «ሥራዬ የት ገባ?» ነው የሚለን።

ስለዚህ ፋይሎችን በሦስት ለይተን ማየት ይገባናል። አንደኛ፣ ከፕሮግራሙ ጋር የሚጓዝና የሚነበብ ብቻ የሆነው ፋይል በዲስክ አድራሻ አይፈለግም፤ «ጌት ሪሶርስ አዝ ስትሪም» በሚባለው ትእዛዝ ከጥቅሉ ውስጥ ይነበባል። ሁለተኛ፣ ተጠቃሚ የሚልከው ፋይል ከፕሮግራሙ ፎልደር ውጭ ይቀመጣል፤ አድራሻውም ከዲስኩ ሥር ጀምሮ ሙሉ ሆኖ፣ በኮዱ ውስጥ ሳይሆን በሰርቨሩ ማስተካከያ ላይ ይጻፋል። ሦስተኛ፣ ከውጭ የመጣ የፋይል ስም አይታመንም። «../» የሚል ምልክት ያለበት ስም ከተፈቀደለት ፎልደር ወጥቶ የሌላውን ጓዳ ሊበረብር ይችላልና። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃቫ 7 ጋር የመጣው ፓዝ የተባለው መሣሪያ ስሙን ከመሠረቱ ጋር ያጋጥማል፣ ጠመዝማዛውን ያቃናል፣ ውጤቱም ከመሠረቱ የሚጀምር መሆኑን ለማረጋገጥ ያስችላል። ፋይሉ የሚከፈተው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ይህ ጥቃቅን ነገር ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እኛም በተራችን ተመርቀን እንሄዳለን፤ ላፕቶፓችንም አብሮን ይሄዳል። ፕሮግራሙን የሚረከቡን ወንድሞችና እህቶች እኛ የቆምንበትን ቦታ ሊያዩ አይችሉም። እንግዲህ አድራሻውን ከሥሩ ጽፈን እንለፍላቸው።