ከጀሞ እስከ ፉሪ፣ ሸክም የማቅለል ትምህርት

ዓርብ ማታ። የጥቅምት ብርድ ገና ሲመሽ ጀምሮ ይቆነጥጣል። ከሳሪስ በኃይሌ ጋርመንት በኩል ጀሞ የገባሁት በሁለት ታክሲ፣ 40 ብር ከፍዬ ነው። ሸክም አቅልሎ በእግር የመጓዝ ትምህርቱ የሚሰጠው አንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ውስጥ ሲሆን ተማሪዎቹ ሰባት ነን፦ አንዲት ነርስ፣ ባልና ሚስት፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ጡረታ የወጡ መምህርትና እኔ። አሠልጣኛችን ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለዓመታት እንግዳ ሲመራ የኖረ፣ ቀጠን ያለና ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሰላምታ እንደተለዋወጥን የበሩ ብረት ላይ የእጅ ሚዛን አንጠለጠለና ቦርሳችንን በየተራ ሰቀለ። የእኔ 13 ኪሎ ወጣ። መምህርቷ አዩኝና «ልጄ፣ ቤት ልትቀይር ነው እንዴ?» አሉኝ።

ልኬቱ ቀላል ነው። ምግብና ውሃ ሳይጨመር ቦርሳው ከ9 ኪሎ በታች ከሆነ ቀላል ይባላል፤ ረጅም መንገድ የለመዱት ደግሞ ከ4 ኪሎ ተኩል በታች ያወርዱታል። ከእኔ ቦርሳ መጀመሪያ የወጡት ጂንስ ሱሪውና ጋቢው ናቸው፤ ጥጥ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ የሰውነትንም ሙቀት ይወስዳል። ውድ ዕቃ የግድ እንዳልሆነ አሠልጣኙ ሲነግረን የአሜሪካዊቷን የኤማ ጌትዉድን ታሪክ አነሳ። እኚህ ሴት በ1955 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን በእግራቸው ጨርሰዋል። የያዙት በእጃቸው የሰፉትን ከረጢት፣ ያደረጉት ሸራ ጫማ ነበር፤ ለዝናብ ደግሞ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ። መምህርቷ ዕድሜውን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰልባጅ ገበያ ወረድን። አሠልጣኙ የዝናብ ጃኬት ሲመርጥ ጣቱን በምራቅ አርሶ ጨርቁ ላይ ያንጠባጥባል፤ ጠብታው ሳይሰርግ ከተንከባለለ ይገዛል፣ ከጠጣው ይመልሳል። ሻጩ ነገሩ ባይጥመውም ዝም አለ። እኔ አንድ ስስ የሱፍ ሹራብ በ350 ብር ገዛሁ፣ ክርክሩን ነርሷ ናት የተከራከረችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ላፍቶ አካባቢ አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ላስቲክ በገመድ ወጥሮ ማደሪያ መሥራት ተለማመድን። ነፋሱን አስቀድሞ ማየት፣ ዝቅ ያለውን ጎን ወደ ነፋሱ ማዞር፣ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ መሸሽ ተማርን። ሲስቡት የሚጠብቀውን፣ ሲገፉት የሚላላውን ቋጠሮ አሠልጣኙ ደጋግሞ አሳየኝ፣ እጄ ግን አልያዘውም፤ ልጆቹ በአንድ ጊዜ ለመዱት።

ልቤን የወሰደው ምድጃው ነው። አሠልጣኙ የሁለት ለስላሳ መጠጥ ጣሳዎችን ታች በመቀስ ቆረጠ፣ አንዱን ሌላው ውስጥ ገፍቶ አስገባ፣ ዙሪያውን በመርፌ በሳሳና አልኮል አፍስሶ ክብሪት ጫረ። ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን አይታይም፣ ስለዚህ እጁን ከላይ ዘርግቶ በሙቀቱ ነው መንደዱን ያወቀው። ግማሽ ሊትር ውሃ ተጣደ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ብዙ አልጠበቅንም። ሽሮ በተነበት፣ ከዚያ መምህርቷ ከቤታቸው ያመጡትን ድርቆሽ ሰባብሮ ጨመረና ከደነው። ሲከፈት ቤት የተሠራ ፍርፍር ይመስል ነበር። ምድጃውን ሚዛኑ ላይ ቢሰቅለው መርፌው ንቅንቅ አላለም።

እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ለቡ ተገናኘን። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ወደተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መስመር ጣቢያ እያየን፣ በሐና ማርያም አድርገን ወደ ፉሪ አቀናን። ብርዱ ጆሮ ይበላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ሹራብ ያስወልቃል። ኮንዶሚኒየሙ፣ ከዚያ የብሎኬት ማምረቻው፣ ከዚያ ጅምር ቤቱ እያለ ድንገት ጤፍ ማሳ መጣ። ፉሪ ከጠፋ ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ 2,839 ሜትር ሲሆን ከከተማው አማካይ ከፍታ አምስት መቶ ሜትር ያህል ይበልጣል። ሃምሳ ደቂቃ ሄደን አሥር ደቂቃ እናርፋለን። ተረከዙ መጋል የጀመረ ሰው ውሃ ሳይቋጥር ወዲያው ፕላስተር ይለጥፋል፤ «እደርሳለሁ» ብሎ መታገስ አይፈቀድም።

ዳገቱ ላይ ካርታ ማንበብ ተማርን። ተጠጋግተው የተሣሉት መስመሮች ገደል መሆናቸው ገባኝ፤ ሸንተረሩን ከሸለቆው የሚለየው ግን እስከ መጨረሻው ተምታታብኝ። አንድ ገበሬ ቆመው አዩንና በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፣ ባልና ሚስቱ ሳቁ፣ እኔ የያዝኩት ሰላምታውን ብቻ ነው። ኋላ ስጠይቅ «ከፍለው ነው መራመድ የሚማሩት?» ማለታቸው ነው አሉኝ።

ምሳ በሶ ነበር፣ በማርና በውሃ የታሸ፣ እሳት የማይፈልግ፤ ከላዩ ቆሎ። ድስቱን ባልየው፣ ላስቲኩን ልጆቹ፣ መድኃኒቱን ነርሷ፣ ስንቁን መምህርቷና እኔ ተካፍለን ነው የያዝነው፤ በየቦርሳችን ታጭቆ የነበረው ሰባት ድስትና ሰባት ምድጃ ቀረ፤ ከሸክማችን የተቀነሰው ክብደት አብዛኛው ይኸው ነው። መምህርቷ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉና በሶአቸውን ጎረሱ። አሠልጣኙ ይህን ከሳምንት በፊት ቢሰማ ኖሮ ትምህርቱን በእሱ ይጀምር እንደነበር ነገራቸው።

ጫፍ ሳንደርስ 8 ሰዓት ላይ ተመለስን፤ የወረደ ጉልበት ከወጣ ጉልበት በላይ ያማል። ለቡ ላይ ሚዛኑ እንደገና ወጣ፣ የእኔ 7 ኪሎ ተኩል። የሚቀጥለው ጉዞ መናገሻ ሱባ ነው፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ጽድ አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ደን፤ እዚያ ማደር አለ። እስከዚያ ቋጠሮውን መልመድ፣ አንድ ኪሎም መቀነስ አለብኝ። ጋቢው ይቅር ብያለሁ፣ እናቴ ግን አልተስማማችም።