የጋሼ መኪና

ታላቅ ወንድሜን በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። በመካከላችን የአሥራ ስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ አባታችን ሲሞቱ እኔ ገና ፊደል ያልቆጠርሁ ሕፃን ስለ ነበርሁ፣ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለእኔ ምንጊዜም «ጋሼ» ናቸው። ዛሬ ሁለታችንም ሸብተን፣ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ በአንድ ቤት ስንኖርም አጠራሬ አልተለወጠም።

ጋሼ በጉልምስናቸው ዘመን የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሣ ድረስ አሰብ የአገራችን ዋና ወደብ ነበር። ጋሼም ተሳቢ በሚጎትት ፊያት መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ቁልቁል እየወረዱ፣ ሚሌን አልፈው፣ የአፋርን በረሃ በማንዳና በቡሬ በኩል እያቋረጡ እስከ አሰብ ይመላለሱ ነበር። ደብተሬና ጫማዬ የተገዙት ከዚያ መንገድ በመጣ ገንዘብ ነው። ከመንገድ ሲመለሱ አብልጠው የሚያጫውቱኝ ግን ስለ ሙቀቱና ስለ ድካሙ አልነበረም። ሌሊት መኪናቸውን ዳር አስይዘው፣ በጋቢናው ውስጥ ተጋድመው፣ በመስኮቱ ስለሚያዩት የበረሃ ሰማይ ነበር። «ሰው ማደሪያውን ይዞ ከሄደ ምን ይጎድልበታል?» ይሉኝ ነበር።

ወደ አሜሪካ ከመጡ በኋላ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ነዱ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በብርድ ወራት፣ በረዶ በረጋበት መንገድ ላይ አንድ መኪና ተንሸራቶ መጣና ገጫቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፤ አከርካሪያቸው ግን በመጎዳቱ ከወገባቸው በታች ያለው አካላቸው መታዘዝ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነ።

የአገራችን ሰው መቼም ደግ ነው። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ሁለት ጎረምሶች መጥተው፣ አንዱ ብብታቸውን አንዱ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ብድግ አድርገው መኪና ውስጥ ያስገቧቸዋል። ጋሼ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ያመሰግናሉ። ቤት ሲመለሱ ግን አይናገሩም፤ ራትም አይበሉም። አንድ ምሽት ዝምታቸው ከብዶኝ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት ሳመላልስ ኖሬ፣ በመጨረሻው እኔው ጭነት ሆንሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ሠርጉም ወደ ለቅሶውም መሄድ ተዉ። ሰው ሲጠራቸው «አሞኛል» ማለት አበዙ።

በዚህ አገር ብዙ ሰዎች የዕቃ ማመላለሻ መኪና ይገዙና ውስጡን እንደ ቤት ያሰናዱታል፤ አልጋና ምድጃ አስገብተው በየተራራውና በየጫካው ያድሩበታል። ካምፐር ይሉታል። እኔም ከአንድ ሱቅ ዕቃ ሲያደርስ የቆየ፣ ጣራው ከፍ ያለ፣ ስድስት ሜትር ያህል የሚረዝም አሮጌ ፎርድ ትራንዚት ገዛሁና በግቢያችን አቆምሁት። በሞያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር ካልተሳሳተ ሥራ አይበላሽም ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጋሼ ከነወንበራቸው ወደ መኪናው እንዴት ይግቡ የሚለው ነበር። እዚህ ላይ አንባቢው እርሳስ ቢያነሣ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሕንፃ መወጣጫዎች በተከተለው ደንብ መሠረት፣ ሰው ወንበሩን ራሱ እየገፋ የሚወጣው ዳገት፣ ለያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። የመኪናችን ወለል ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሰባውን በአሥራ ሁለት ብናበዛው 840 ይመጣል። ስምንት ሜትር ከአርባ ማለት ነው፤ መወጣጫው ከመኪናው ሊረዝም! ዳገቱን አሳጥሮ ቀጥ ያለ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ከኋላ የሚገፋ ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ጋሼ ደግሞ የሸሹት ይህንኑ ነው። ስለዚህ በቀኝ በኩል ባለው በር ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማንሻ ተተከለ። ጠፍጣፋ መድረኩ መሬት ድረስ ይወርዳል፤ ሰው ከነወንበሩ ይወጣበትና ቁልፉን ሲጫን ቀስ ብሎ ከወለሉ እኩል ያደርሰዋል። ጋሼ በኋላ «ትልቁ ክሪክ» የሚል ስም አወጡለት።

ሁለተኛው ጉዳይ ማሰሪያው ነበር። መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወንበሩ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ስለዚህ ሁለት ማሰሪያ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ሆኖ አራቱ ወንበሩን ከወለሉ ጋር አጥብቀው ይይዙታል፤ ተቀማጩ ደግሞ ለብቻው በወገብና በትከሻ ቀበቶ ይታሰራል። ማሰሪያዎቹ የሚያዙበት ብረት ኮምፔንሳቶ ላይ በቪቴ ቢመታ በመጀመሪያው ግጭት ይነቀላል፤ ብሎኑ የመኪናውን ላሜራ አልፎ ከሥር በወፍራም ብረት መደገፍ አለበት። ይህንና ማንሻውን በሥራው ለሠለጠኑ ሰዎች ሰጠሁ። የቀረውን ግን በገዛ እጄ ልሠራ ቆረጥሁ።

አራት ወር ሙሉ፣ ከሥራ ስመለስ፣ በሩን ዘግቼ ሠራሁ። በግድግዳው ውስጥ ብርድ መከላከያ ጠቀጠቅሁ፤ በላዩ ኮምፔንሳቶ ለበጥሁ። ምድጃ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሠርቼ ከሥሩ መሳቢያ ደረደርሁ። አልጋውን 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁት፤ ከሥሩ የውኃው በርሜልና ባትሪው እንዲገቡ አስቤ ነው። አንዲት ስንዝር ቦታ በከንቱ አልቀረችም። ለጋሼ ግን ምንም አላሳየኋቸውም፤ ድንገት ከፍቼ ላስደስታቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸውም በሳሎኑ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይመለከቱኝ ነበር፤ አልጠየቁኝም።

ሥራው አልቆ በሩ የተከፈተ ዕለት ጋሼ በማንሻው ብቻቸውን ወጡ። በሰባት ዓመት ውስጥ የማንም እጅ ሳይነካቸው መኪና ሲገቡ የመጀመሪያው ነበር። ውስጡን ዞር ብለው አዩና «ደግ ሠርተሃል» አሉኝ። ሌሊቱንም ለሙከራ እዚያው በግቢው ውስጥ ሊያድሩ ፈለጉ። «ልርዳዎ» ብላቸው «ሂድና ተኛ» አሉኝ።

ማለዳ ቡና ይዤ ስሄድ፣ ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አልጋው እንደ ተነጠፈ ነው። የጣራው መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አድሯል፤ ማብሪያውን እኔ በቁመቴ ልክ፣ ከጣራው ሥር ነበር የሰቀልሁት።

«ጋሼ፣ ምነው ሳይጠሩኝ?»

«ጠርቼ ምን ልበልህ? አንሥተህ ጫነኝ ልበልህ?»

በዚያች ሰዓት ያደረግሁትን ሳስብ ዛሬም ያሳፍረኛል። ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ተቆጣሁ። አራት ወር ሙሉ ለማን ብዬ እንደ ደከምሁ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ወጣ፣ አንድ በአንድ ቆጠርሁላቸው። የሒሳብ ሠራተኛ አይደለሁ! ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁኝና ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉኝ፦

«ስትሠራ በመስኮት አይህ ነበር። ወለሉን ለካህ፤ በሩን ለካህ፤ ጣራውን ለካህ። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ መጥተህ አልለካኸኝም።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ሜትሩ ከኪሴ አልወጣም ነበርና እዚያው ተንበርክኬ መለካት ጀመርሁ። የወንበራቸው መቀመጫ ከነትራሱ ከወለሉ 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጉልበታቸው 66፤ ተቀምጠው ወደ ላይ ሲዘረጉ እጃቸው የሚደርሰው 118። ጋሼ ከወንበር ወደ አልጋ የሚዛወሩት በክንዳቸው ኀይል ነው። ለስላሳ ጣውላ በሁለቱ መካከል ያጋድማሉ፤ በእጃቸው ተደግፈው በላዩ ይንሸራተታሉ። ወንበሩና አልጋው እኩል ከሆኑ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን በመካከሉ የ25 ሳንቲ ሜትር ግንብ ገንብቼ ነበር።

አልጋውን በዚያው ሳምንት አፈረስነው። «አፈረስነው» የምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃው ጋሼ፣ ረዳቱ እኔ ስለሆንሁ ነው። አልጋው 50 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከጠረጴዛው ሥር ያሉት መሳቢያዎች ወጡና ጉልበት የሚገባበት ባዶ ቦታ ተተወ፤ ጠረጴዛውም ወደ ግድግዳው እንዲታጠፍ ተደረገ። ምክንያቱም ወንበር በቦታው ክብ ለመዞር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ወለል ይፈልጋል፤ የመኪናችን የውስጥ ስፋት ደግሞ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ከብዙ ድካም በኋላ የገባኝ፣ በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ዋናው ዕቃ ምንም ያልተቀመጠበት ወለል መሆኑን ነው። ማብሪያውም ወረደ።

ጋሼ ዕቃውን ሁሉ የሚጠሩት በጋራዥ ቋንቋ ነበር፤ ካቻቢቴ፣ ትራፓን፣ ዳዶ፣ ኪያቬ ይላሉ። አንድ ቀን በዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሲያዙኝ የሰማ ሻጭ ጣሊያኖች ነን ወይ ብሎ ጠየቀን። ከልባቸው ሲስቁ ካየኋቸው ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

እኔ ፈጽሞ ያላሰብሁትን ያስተማሩኝ ግን ሚዛንን ነው። ማንሻው ብቻውን ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ያለውም በቀኝ በኩል ነው። «ውኃውን ወደ ግራ አዙረው» አሉኝ። ሰባ ሊትር ውኃ ሰባ ኪሎ ነውና ወደ ግራ ዞረ፤ ባትሪውም ተከተለው። ከዚያም በሾፌሩ በር አጠገብ የተለጠፈውን የጭነት ልክ አስነበቡኝና ሁሉ ነገር ተሞልቶ መኪናውን ወደ ሚዛን አስወሰዱኝ። ቁጥሩ ከልኩ በታች ሆኖ ሲወጣ፣ ጭነቱን በትክክል እንዳስረከበ ሾፌር ራሳቸውን ነቀነቁ። ባትሪ ቢሞት ማንሻው በእጅ የሚሠራበት ፓምፕ አለው፤ እሱንም ሦስት ጊዜ አስወጥተውና አስወርደው አጠኑት።

በጥቅምት ወር፣ የዛፉ ቅጠል ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ሲለወጥ፣ በቨርጂኒያ ወዳለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ቋሚ የአካል ጉዳት ያለበት ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ወደ አገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች በነጻ የሚገባበት የዕድሜ ልክ ካርድ አለ፤ ጋሼ ካርዳቸውን ለጠባቂው ራሳቸው ዘርግተው አሳዩ። በተራራው ጫፍ ላይ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል 169 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ ተዘርግቷል። እኔ እነዳለሁ፤ ጋሼ ከኋላዬ መካከሉ ላይ ታስረው፣ «ማርሹን ዝቅ አድርግ፤ ቁልቁለትን በፍሬን ብቻ አይወርዱትም» ይሉኛል። በዐለት ውስጥ ከተፈለፈለው ዋሻ ስንደርስ «ቁመቱ ስንት ነው? የእኛስ?» አሉ። የዋሻው 3 ሜትር ከ86፣ የእኛ 2 ሜትር ከ80 መሆኑን ነገርኋቸው። ሆኖም ስንገባ በመስተዋቱ ሳያቸው በልማድ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ሊምበርሎስት በሚባለው፣ ደቃቅ ድንጋይ በተነጠፈበት የጫካ መንገድ ላይ ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ዞርን። ወንበራቸውን አልነካሁም። ሲመሽ ቢግ ሜዶውስ በሚባለው ሰፈር አደርን። በታጠፈው ጠረጴዛ ላይ ቡና ያፈሉት እሳቸው ናቸው፤ መስኮቱን አስቀድመው ከፍተው፣ የጭሱን መርዝ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ መሥራቱን ሞክረው ነው። ብርዱ ሲበረታ ድንኳኔን እያየሁ፣

«ጋሼ፣ እኔ የት ልደር?» አልኋቸው።

«በአሰብ መንገድ ረዳት የት ነበር የሚያድረው?»

«ውጭ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉና በሩን ሳቡት።

ድንኳኔ ውስጥ ገብቼ ጆሮዬን አቀናሁ። ጣውላው አልጋው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ጥቂት ዝምታ ሆነ፤ ከዚያም የመንሸራተት ድምፅ፤ ከዚያም የጋቢ መገለባበጥ። በመጨረሻም መብራቱ ጠፋ።