ካላመመኝ ምን በሽታ ነው?

የጽሑፌን ርእሰ ጉዳይ ስትሰሙ እንዳትስቁ አደራ። ስለ ጡት ነው የምጽፈው።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት እብናት አክስቴ ቤት ነበርኩ። ልጇ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትማራለች። ከእረፍት መልስ የቀዶ ሕክምና ክፍል ልምምድ ስለሚጠብቃት ከመጽሐፏ አትለይም። እኔም እየጠየቅሁ አስጠናት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አክስቴም ቡና እየቆላች፣ የጡት በሽታዎች የሚለው ምዕራፍ ላይ ደረስን።

«ጡት ላይ የወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር ነው እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ አይደለም! አብዛኛው አይደለም» አለችና ትዘረዝርልኝ ጀመር። የምታጠባ እናት ጡቷ ቀልቶና ሞቆ እያመማት ካበጠ መግል ሊሆን ይችላል፤ በመርፌ ተስቦ ወይም ተበጥቶ ይወጣል። በኛ ዕድሜ ባለች ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ጠንከር ያለ፣ የማያም፣ በጣት ሲነኩት ሸርተት የሚል እጢ ነው። ፈረንጆቹ ስለሚሸሽ «የጡት አይጥ» ይሉታል። ሳቅን።

«የሚያስፈራውስ?»

«ጠጣር የሆነ፣ ዳሩ ያልተስተካከለ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ከወጣው ያሰጋል። መጀመሪያ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አያምም።»

አክስቴ መቁላቷን አቆመች። «አያምም ነው ያልሽው?»

«አዎ እማዬ።»

«ሰፈራችን አንዲት ሴትዮ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶባታል አሉ። ካላመመኝ ምን በሽታ ነው ብላ ተቀምጣለች።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«በየትኛው በኩል?»

«በግራዬ» አለች።

ማንም አልተናገረም። ቡናው አረረ።

በማግስቱ ሦስታችንም ወደ ደብረ ታቦር ሄድን። አክስቴ መንገድ ላይ ነው የተናገረችው። ጠበል ስትጠመቅ ከርማለች። «ለወንድ ሐኪም ጡቴን ከፍቼ ላሳይ? ነቀርሳ ነው ቢሉኝስ ልጆቼን ማን ይይዝልኛል?» ልጇም አልተከራከረቻትም። «ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪሙንም ታዪ» ብቻ አለቻት።

ምርመራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሐኪሙ ጡቱንም ብብቱንም በእጁ ይዳስሳል። ቀጥሎ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራም ይታያል። በመጨረሻም በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ሦስቱ ካልተስማሙ ነገሩ ተዘጋ አይባልም። እኛ በአንድ ምንጭ ብቻ ዜና አትጻፉ እንደምንባለው መሆኑ ነው።

የአክስቴ ሦስቱም ተስማሙ፤ ካንሰር ነበር። ጡቷ ከብብቷ እጢዎች ጋር በቀዶ ሕክምና ወጣ። «አራት ልጅ ያጠባሁበት ነው» ብላ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ይሂድ፤ እኔ ልቅር» አለች። አሁን መድኃኒቷን እየወሰደች ቤቷ ናት።

በአገራችን በሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ግን ከተሰራጨ በኋላ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ይህ ከእብናት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ቢሆንም ከመንገዱ በፊት የሚቀድም አንድ ርቀት አለ፤ እሱም አክስቴ ከፋሲካ እስከ ክረምት ዝም ያለችበት ነው።

ትምህርት ሲከፈት ይህንኑ ለሬዲዮ ዝግጅት ልምምድ ጽፌ ክፍል ውስጥ አነበብኩት። «ጡት» ስል ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ያን ቀን ስቄ ነበር። ግን ነገ ማይክራፎን የምንይዘው እኛ ነን። እኛ ቃሉን ለመጥራት ካፈርን፣ የእብናት እናት ለሐኪም እንዴት ታሳይ?

ስለዚህ እህቶቼ፣ ጡታችሁን እወቁት፤ አዲስ ነገር ካገኛችሁ ቢያምም ባያምም ታዩ። ወንድሞቼም እንዳታልፉት፤ ጥቂት ቢሆኑም በሽታው ወንዶችንም ይይዛል። ደግሞም እናት አላችሁ። ቤት ስትደውሉ ከሰላምታው ቀጥላችሁ ጠይቋት። «የሰፈር ሴትዮ» ብላ ከጀመረች ደግሞ ስልኩን ቶሎ አትዝጉ።