ለመጸው ያማረ አሮጌ ዕቃ

ከጉና ላይ ጉሙ ተገፎ ሜዳው በአደይ ሲደምቅ፣ ደብረ ታቦር ላይ ቤት የማሳመሪያው ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ግድግዳው ይለቀለቃል፣ መደቡ ይታደሳል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። የእኔ ዓይን ግን በዚህ ሰሞን የሚያርፈው ገበያ ዳር በተዘረጋ አሮጌ ዕቃ ላይ ነው፤ ጠርዙ የሳሳ መሶብ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ቆዳው የጠቆረ አገልግል፣ ብርሌ።

መሶብ የሚሰፋው ከአክርማና ከሰንደዶ ነው። ሣሩ በመስከረም አካባቢ ይለቀማል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደርቃል፣ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ በወስፌ ዙር በዙር እየተጠመጠመ ወራት ይፈጃል። ያ ሁሉ ድካም በአንድ የፕላስቲክ ሳህን ሲለወጥ ማየት ያንገበግበኛል።

የገዛሁትን መሶብ ፀሐይ አሳይቼ፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ውኃ አላስነካሁትም፣ ስፌቱ ይሻግታልና። ዋንጫውን ቅቤ ቀባሁት፤ ቀንድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የብርሌው አንገት ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዘንግ አደይ ይበቃዋል። መደቡ ላይ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና አነጠፍኩ። የጥቅምት ውርጭ እዚህ ደጋ ላይ ቀልድ አያውቅም፣ ባናው ለጌጥም ለሙቀትም ይሆናል።

አደይ ቶሎ ይረግፋል። ዘመነ ጽጌ ግን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ ቤት ለማሳመር በቂ ጊዜ አለ። እባካችሁ፣ ቆጥ ላይ የተረሳውን የአያታችሁን መሶብ ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት አውርዳችሁ እዩት።