ስንት ዓመቱ ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 9፤ እንጅባራ
ከሁለት ዓመት በፊት የገዛሁት የቀርከሃ ወንበር ዛሬ እንግዳዬ እንደተቀመጡበት ተሰበረ። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አፈርኩ። ሳነሳው ከእግሩ ውስጥ እንደ በሶ የላመ ዱቄት ፈሰሰ። ነቀዝ ጨርሶታል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ስባሪውን ይዤ አስፋልቱ ዳር ሶፋና መደርደሪያ ደርድረው ወደሚሸጡት ባለሙያዎች ሄድኩ። አንድ አዛውንት አገላብጠው አዩትና፣ «ለጋ ነው፣ ልጄ» አሉ። ከክምሩ ሁለት ቀርከሃ መዘው በቢላዋ ጀርባ መቱ። ለጋው ታፍኖ «ድብ» አለ፤ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት የበሰለው «ቃ!» አለ። ቡቃያው በክረምት ወጥቶ በወራት ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ለመጠንከር ግን ሦስት ዓመት ግድም ይፈልጋል።
«ታዲያ ለጋው ለምን ይቆረጣል፣ አባባ?»
«የምንገዛው በቁጥር ነው። ለለጋውም ለበሰለውም ዋጋው አንድ። ገበሬው ምን ቆርጦት ይጠብቃል?»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ ዳንግላ
ለጉዳይ ስመጣ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ የከሰል ጆንያ ተደርድሮ አየሁ። የአካባቢው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ አራት አምስት ዓመት ይታገሣል፤ ቆርጦ ያከስላል፣ መሬቱን መልሶ እህል ይዘራበታል። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ትዕግሥት እንዳለን ይኸው ምስክር፤ የታገሠ የሚከፈለው ከሆነ ማለት ነው። እርግጥ በአንድ ዛፍ ብቻ መታመንም አደጋ አለው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን በሽታ መትቶታል።
ወደ ቀርከሃው ስመለስ፣ አገራችን ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ቀርከሃ አላት ይባላል፤ ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ መካከል ነን። የእንጅባራ ወንበር ግን ከአገር ውስጥ ገበያ እምብዛም አያልፍም። ነፍሳት ያለበትን እንጨት የውጭ አገር ተቆጣጣሪ ከወደብ ይመልሰዋል። የኔ ወንበር ጂቡቲ ቢደርስ ኖሮ ዱቄቱ እዚያው ያሳጣን ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
አዲስ ወንበር አዘዝኩ። የበሰለ ቀርከሃ ተመርጦ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተበጠበጠበት ውኃ ተነክሮ እንዲሠራ ተስማማን። ለዚህ 200 ብር ጨመርኩ፤ ከፊሉ ለገበሬው እንዲደርስ አዛውንቱ ቃል ገብተዋል።
እናንተም ልትገዙ ስትሄዱ ከዋጋው በፊት ዕድሜውን ጠይቁ። ጠያቂ ሲበዛ ጠባቂም ይበዛል።