ያቺ አሮጌ ያማሃ

አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው ጌዴኦ ውስጥ፣ ይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው ኢዲዶ ሌላ አገር ናት። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ አግኝቼ የወረድኩ ሰሞን የሚሰማው ጌዴኦፋ፣ የሚቀርበው ቆጮ፣ ጠዋቱ ጭጋግ ነበር፤ እኔም ማንንም የማላውቅ እንግዳ። እና ያንን ዘመን ባነሳሁ ቁጥር ቀድማ ትዝ የምትለኝ ሞተሬ ናት።

ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። መረከቢያዎቹ ደግሞ በየጉብታው ተራርቀዋል። በመኸር ወራት በእግር ማዳረስ ስላልሆነልኝ ደሞዜን አጠራቅሜ ሞተር ልገዛ ቆረጥኩ። ወሬው መንደሩን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። እስከዚያ ድረስ አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፉኝ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ቆም እያሉ ያማክሩኝ ጀመር።

ወጣቶቹ «የህንዷን ቦክሰር ግዛ፤ ቤንዚን አትፈጅም፣ መለዋወጫዋ ዲላ ሞልቷል» አሉ። ዘበኛችን ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ የኛን የክረምት ጭቃ ገና አላየኸውም። ከመሬት ከፍ ያለች፣ አቀበት የማትፈራ ፈልግ።» ክርክሩ ማታ ማታ ከጣቢያው በር ላይ በቡና ይቀጥላል። ስለ ሞተር ይሁን እንጂ እኔን ነበር የሚያስቡት፤ የት ጋ እንደምወድቅ፣ ማን እንደሚያነሳኝ ሳይቀር።

ጋሼ ረቱ። ዲላ አንድ የግብርና ባለሙያ ከፍ ያለች አሮጌ ያማሃ ሊሸጡ ነው ተባለና እዚያው ጋራዥ ያለው አንድ ወጣት መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ገና ሳትነሳ መዳፉን ሞተሯ ላይ አሳረፈ። «ቀዝቃዛ ናት፤ ቀድመው አላሞቋትም» አለኝ በሹክሹክታ። ካንዴላዋን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አሳየኝ፤ ጫፏ ገና ሊጠቁር ያልደረሰ የተቆላ ቡና ይመስላል። ቤንዚኑ በልኩ እየተቃጠለ መሆኑን በዚህ አወቀ። ከዚያ አንዴ ቢረግጣት ተነሳች። ሻጩም ሊብሬውን ሲሰጡኝ የዝናብ ልብሳቸውን ጨምረው «ለመንገድህ» ብለው መረቁኝ። ልጁን የድካምህን ልክፈልህ ስለው ቡና ጋብዘኝ አለ፤ በቃ ይኸው ነበር ሒሳቡ።

የዚያች ሞተር ጭስ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከማጠቢያው የሚመጣው የገለባ ጠረን፣ በበልግ ደግሞ ነጭ ሆኖ የሚፈነዳው የቡና አበባ፣ ከየጎጆው የሚጋገር ቆጮ፣ ሁሉም ከጭሷ ጋር ተደባልቆ ነው የሚታወሰኝ። ዝናብ ሲጥል ያቆምኩበት ቤት እናት ወጥተው ኮርቻውን በእንሰት ኮባ ይሸፍኑልኛል። ጭቃው ሲይዘኝ ልጆች ከየት እንደሚመጡ እንጃ፤ እየሳቁ ገፍተው ያወጡኛል። ድምፅዋን ከሩቅ ለይተው ያውቁ ስለነበር እኔ ሳልደርስ ቡናው ተፈልቶ ይጠብቀኛል።

ከሞተር ላይ ሆኜ ያየሁት መሬት ደግሞ የሚረሳ አይደለም። ከላይ ዋንዛው፣ መሃል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው፤ አንዱ ለሌላው ጥላ ሆኖ ገደሉን ሁሉ ይዞታል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል ሲባል ብሰማ፣ የኮራሁት እዚያው እንደተወለደ ሰው ነው።

በቅርቡ ሄጄ ነበር። ይርጋጨፌ ስደርስ ሞተረኞቹ ተሰልፈው «ወዴት ነህ?» ይላሉ፤ አብዛኞቹ የያዙት ቦክሰር ነው። ወጣቶቹ በመለዋወጫው ነገር ልክ ነበሩ። የአንዱን ሞተር ድምፅ ከሌላው የሚለይ ሰው ግን አላገኘሁም፤ በርክተዋላ። እኔ ዛሬም ሞተር ግዛ ብባል ዲላ ወርጄ መጀመሪያ የማፈላልገው ያንን መካኒክ ነው።