የሚናከስ አፍና የማይቸኩል እጅ

የዕለቱ ንባብ፦ መዝሙር 32፥8-9



መዝሙረኛው በዚህ ክፍል ፈረስንና በቅሎን የሚያነሣው ሊያሞግሳቸው አይደለም። ያለ ልጓም የማይቀርቡ ናቸውና እንደ እነርሱ አትሁኑ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር ግን እግዚአብሔር መንገድን እንደሚያስተምርና ዓይኑን በሰው ላይ አድርጎ እንደሚመክር እናነብባለን። ብዙ ጊዜ ልጓሙን እናስታውሳለን፤ ዓይኑን እንረሳለን።

ይህን ክፍል ቀርቤ እንዳየው የረዳኝ አንድ የፈረስ ግልገል ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች በአርሲ፣ በበቆጂ አካባቢ ገብስና ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። በዚያ ብርዳም ደጋ ፈረስ እህል ይጭናል፣ ገበያ ያደርሳል፣ የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ የአንድ ዓመት ግልገል ከገበያ ገዝተው ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ አሉት። ቦራ ገመድ ባየ ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ይናከሳል። የጋሼን ልጅ ክንዱን ነክሶ አቆሰለው። ጎረቤቶችም “አፉን በዱላ በሉት፤ አለዚያ ለጋሪ ሽጡት” አሉ። የሚናከስ ፈረስ ለጋሪ ሲሸጥ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሼ ግን “ክፉ አይደለም፤ ፈርቶ ነው” አሉ። ያን የገና ሰሞን እዚያ ስለነበርን ሥራቸውን በየቀኑ አየሁ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገመድ አልያዙም። የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ከአፍንጫው ሥር ያለውን አያይም፤ ድንገት ወደ ፊቱ የሚመጣ እጅ ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ጋሼ ድምፃቸውን እያሰሙ ከትከሻው በኩል ይቀርባሉ። ከዚያ አንገቱና ጀርባው የሚገናኙበትን ቦታ ያኩለታል። ፈረሶች እርስ በርሳቸው በጥርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው፤ ሲታከክላቸው የልባቸው ምት እንኳ ዝግ ይላል። ቦራም ቀስ በቀስ አንገቱን ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

ገመዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንዲያሸተው ሰጡት፤ በአንገቱ ላይ አሻሹለት፤ አፍንጫው ላይ ለአፍታ አሳርፈው አነሡት። ምሥጢሩ ገመዱ የሚነሣበት ጊዜ ነው። ቦራ ጸጥ ብሎ ሲቆም ይነሣል። ሲናከስ ቢነሣለት ኖሮ መናከስ ነጻ እንደሚያወጣው ይማር ነበር። አፉን ወደ እርሳቸው ሲያዞር ጋሼ አይመቱትም፤ አይሸሹትምም። ክንዳቸውን አጥፈው ክርናቸውን በመሃል ያደርጋሉ፤ ግልገሉ ራሱ ክርናቸውን ነክቶ ይመለሳል። ማከኩን ያቆማሉ፤ ሲረጋጋ ይቀጥላሉ። ልጆቹም ገብስ በመዳፋቸው እንዳያበሉት ከለከሉ፤ ከእጅ መብላት የለመደ አፍ ጣትን ከምግብ አይለይምና። ይህ ሁሉ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ነበር። በ11ኛው ቀን በአፍንጫውና በጆሮው ኋላ የሚዞረውን አፈሳር ዘርግተው ያዙለት። ቦራ ራሱ አፍንጫውን አስገባ።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ፣ ፈረስን በቁጣ ፈጽሞ አትቅረቡት ብሎ አጥብቆ መክሯል።

ወገኖቼ፣ በየቤታችንና በየኅብረታችን የሚናከሱ ሰዎች አሉ። አንድ ወጣት ከጸሎት በኋላ ሰላም ስንለው ክፉ ቃል ወርውሮብን ይወጣል። አንዲት ልጅ እናቷ ስታናግራት ትቆጣለች። እኛም ፈጥነን “ዓመፀኛ” እንላለን። ከዚህ በፊት ማን፣ በምን ዓይነት እጅ እንደ ቀረባቸው ግን አንጠይቅም።

የዋህነት ማለት ገመዱን መጣል አይደለም። ገመድ የማይቀበል ፈረስ ሰኮናው ቢቆስል ማን ያክመዋል? አባቶቻችን “በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች” ይላሉ። የጋሼ ክርን ከቦታው አልተነሣም፤ ቦራን ግን አሳድዶ አልመታውም። ወሰን እንዲህ ሲሆን ፍቅር ነው። ልጆቻችንን ስንገሥጽም፣ የደከመን ወንድም ስናቀና፣ ጸጥ ባለ ጊዜ ጫናውን እናነሣለታለን? ወይስ ሲታዘዝም ሲያምፅም ያው ጅራፍ ነው?

ወደ ጌታ ለመቅረብ የምትፈሩም ትኖሩ ይሆናል። ምናልባት በእርሱ ስም ገመድ ይዞ የመጣ ሰው አቁስሏችሁ ይሆናል። በማቴዎስ 11፥28-30 ኢየሱስ ቀንበር የለኝም አላለም። ነገር ግን ስለ ቀንበሩ ከመናገሩ በፊት የደከሙትን ወደ እርሱ ጠራ፤ የዋህ መሆኑንም ነገራቸው። የሚጠራችሁን ሳታውቁት አንገታችሁን ስጡ አይላችሁም።

በዚህ ሳምንት የሚናከስባችሁን አንድ ሰው አስቡ። ለመምከር ሳትቸኩሉ በምን በኩል ብትቀርቡት እንደማይደነግጥ ጌታን ጠይቁ።

አባት ሆይ፣ በፍርሃት የዘጋነውን ልባችንን በትዕግሥትህ ክፈት። እጃችንን ከቁጣ ጠብቅ፤ ዓይንህን ማየት አስተምረን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።